ስምንተኛው ሳጥን

«እንጅባራ! እንጅባራ! አንድ ሰው ነው የቀረን!» እያለ ረዳቱ ሲጮህ ከዳንግላ መናኸሪያ በር ሮጬ ሚኒባሷ ውስጥ ገባሁ። የቀረችው የኋላዋ ወንበር ነበረች። ከጎኗ የተቀመጠችው ደግሞ ያን ሰሞን ላያት የማልፈልጋት ብሥራት ሆና ተገኘች።

ብሥራት በምሠራበት ሆስፒታል ከአምስት ወር በፊት የተቀጠረች የኔትወርክ መሐንዲስ ናት። እኔ እታለማሁ እዚያው አሥራ አንድ ዓመት ጽዳት ሠርቻለሁ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግትርነቴን ግን የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቀዋል። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ እንጅባራ ዳር ያለ የግል ሆስፒታል ነው ብል ይበቃል።

«እትዬ እታለማሁ፣ ደህና ዋሉ? ከዳንግላ ነው የሚመጡ?»

«እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ነው» አልኳትና ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግቢያችን ስምንት ሳጥኖች አሉ። በየሳጥኑ ውስጥ ስዊች የሚሉት ዕቃ አለ፤ የየክፍሉ ኮምፒውተር ገመድ እሱ ላይ ይሰበሰባል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እነዚህን ሳጥኖች አንድ በአንድ እየዞሩ ምን እንዲሠሩ በእጃቸው ሲያዝዙ የኖሩ የኔትወርክ ሠራተኛው ጋሽ ይሄነው ናቸው። ሌላ ሰው አያስነኩም። ቁልፍ ያለን እሳቸውና አቧራ የማራግፈው እኔ ብቻ ነን። ብሥራት ደግሞ ሁሉም ከአንድ ቦታ በሶፍትዌር ይመራ ብላ ጽፋ አስገብታለች። በማግስቱ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር፤ ጋሽ ይሄነው ካልተስማሙ አስተዳደሩም ነገሩን አይደፍረውም።

ዝም ማለት አልቻልኩም። «ነገ ሽማግሌውን ልታስባርሪ ነዋ!»

«እኔ? እንዲሄዱ አልፈልግም። አሠራራቸው እንዲቀየር ነው የምፈልግ።»

«አሥራ አራት ዓመት ያለ አንቺ ሠርተዋል።»

«ሠርተዋል። እንቁ የሞተች ዕለትስ?»

እንቁ ከዘንገና በኩል የመጣች የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ሴት ናት። ከወለደች በኋላ ደም አልቆም አላት። የደም መጠየቂያው እንደ ወትሮው በኮምፒውተር ወደ ላቦራቶሪ ተላከ። አዋላጇ ደሙ እየተዘጋጀ ነው ብላ ጠበቀች፤ መስመሩ ግን ተዘግቶ ላቦራቶሪው ምንም ስላልደረሰው ዝም ብሎ ተቀምጧል። የውስጥ ስልኩም በዚያው መስመር ስለሚሄድ አብሮ ሞቷል። ጋሽ ይሄነው ለወንድማቸው አርባ ጫግኒ ሄደዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ስለነበሩ ስልካቸው ዝግ ነው። ሰው በእግሩ ሮጦ እስኪጠይቅ አርባ ደቂቃ አለፈ። ሕፃኑ ተረፈ፤ እናቱ አልተረፈችም።

«ያ የእግዜር ቁጣ ነው» አልኩ።

«እትዬ፣ እግዜር ስዊች አይነካም።» ደግሞ ቀስ ብላ «አሁን የወጣንበትን መናኸሪያ ያስቡ። ተራ አስከባሪ ባይኖር እያንዳንዱ ሾፌር የሚያውቀው የፊቱን መኪና ብቻ ነው። የኛም ሳጥኖች እንደዚያ ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ያውቃል። እኔ የምለው ግቢውን በሙሉ የሚያይ አንድ ተቆጣጣሪ ሶፍትዌር ይኑር፤ ሕጉን ከዚያ ይስጥ፤ ሳጥኖቹ ይታዘዙ ነው።»

«ተራ አስከባሪው የታመመ ዕለትስ? መኪናው ሁሉ ሊቆም?»

«አይቆምም። ሳጥኖቹ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዘው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ደግሞም ተቆጣጣሪውን ሁለት አድርገን ነው የምናስቀምጥ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይረከባል።»

«ሌባ ቢገባበትስ? ስምንት ሳጥን ከመስበር አንዱን መስበር ይቀለዋል!»

ልጅቱ ሳቀች፤ የመጀመሪያዋ ነው። «እሱን እኔም እፈራለሁ። ስለዚህ ሁለት ሰው ካልፈቀደ ትእዛዝ አይለወጥም፤ ማን መቼ ምን እንደነካም ይመዘገባል። ዛሬ ግን ማን እንደነካ የሚያውቅ የለም። ያን ቀን የሆነውን እንኳ ጋሽ ይሄነው ከጫግኒ ተመልሰው በአንድ ደቂቃ አስተካከሉና ምን እንደነበር አልናገርም አሉ።»

«አንቺስ ምን ይመስልሻል?»

«የአንድ ገመድ ሁለቱም ጫፍ እዚያው አንድ ስዊች ላይ ተሰክቶ ይሆናል። መልእክቱ በአንዱ ይወጣል፣ በሌላው ይመለሳል። እየዞረ ይባዛል፤ እየተባዛ መንገዱን ሁሉ ይሞላዋል። ከዚያ ወዲያ የማንም መልእክት አያልፍም።»

ያን ዕለት ጠዋት ስምንተኛውን ሳጥን ያጸዳሁ እኔ ነኝ። አንድ ሰማያዊ ገመድ አንዱ ጫፉ ስዊቹ ላይ እንደተሰካ ሌላው ጫፉ አቧራ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። እኔ የተንጠለጠለ ነገር አልወድም፤ ቤቴም እንደዚያ ነው። ጫፉን ጠረግኩና ከጎኑ ባለው ባዶ ቀዳዳ ሰካሁት። ቀጭ አለ። ደስ ብሎኝ ቆለፍኩና ሄድኩ።

መንገድ ላይ ያለችውን አዲስ ቅዳም ከተማን መቼ እንዳለፍን አላውቅም። እንጅባራ ስንወርድ «ነይ፣ ተከተይኝ» አልኳትና በባጃጅ ቀጥታ ወደ ጋሽ ይሄነው ቢሮ ወሰድኳት።

ጋሽ ይሄነው ያቺን ያረጀች ደብተራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ይሄነው፣ ያቺን ሰማያዊ ገመድ የሰካሁ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ቁልፍ ያለን ሁለት ነን፤ እኔ ጫግኒ ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ብናገር ማን ከመባረር ያድንሽ ነበር? አንቺ እታለማሁ፣ ሦስት ልጅ ያለ አባት ታሳድጊያለሽ።» ደብተሩን ወደ እኛ አዞሩት። «ደግሞ ለአንቺ ስል ብቻ አይደለም። ይኸው እዩት።»

ከአንድ እስከ ስምንት ተጽፏል። በሰባቱ ፊት ምልክት አለ፤ ከስምንተኛው ፊት ባዶ ነው።

«ስዊቾቹ እንዲህ ያለውን ስህተት መከላከል ይችላሉ» አሉ ጋሽ ይሄነው። «ግን መታዘዝ አለባቸው። ሰባቱን አዝዣለሁ። ስምንተኛው ባለፈው ክረምት በመብረቅ ተቃጠለና በሌላ ቀየርኩት። ያን ዕለት ሦስት ክፍል ይጠራኝ ነበር። ነገ አዝዘዋለሁ አልኩ። ይኸው።»

ብሥራት ትፈነጥዛለች ብዬ ነበር። አልፈነጠዘችም። «አዲሱ አሠራር ቢኖር» አለች በዝግታ፣ «ያ ሳጥን በተተከለ ጊዜ የሌሎቹን ሕግ ሁሉ ከተቆጣጣሪው ይቀበል ነበር። ነገ የሚባል ነገር አይኖርበትም።»

«ጥሩ!» ሽማግሌው ቱግ አሉ። «እኔ ዛሬ ብሳሳት የማበላሽ አንድ ሳጥን ነው። ያንቺ ሶፍትዌር ሲሳሳት ስምንቱንም በአንድ ጊዜ ነው የሚገድል። ይህን ለአስተዳደሩ ተናግረሻል?»

«ተናግሬያለሁ፤ ጽፌዋለሁም። ስለዚህ ትእዛዙ መጀመሪያ በኔትወርኩ ቅጂ ላይ ይሞከራል፤ ከዚያ በአንድ ሳጥን፤ ደህና ከሆነ በሌሎቹ። ካልሆነ ወደ ትናንቱ ይመለሳል።»

«እኔስ? ወንበር ላሞቅ?»

«እርስዎማ ሕጉን ይነግሩኛል። የትኛው ክፍል ከየትኛው መገናኘት እንዳለበት፣ የትኛው ማሽን መቼ እንደሚያጨናንቅ እኔ አላውቅም። ሶፍትዌሩም የሚያውቅ የነገሩትን ብቻ ነው። ሁሉም ያለው በእርስዎ ጭንቅላት ነው፤ እርስዎ ጫግኒ ሲሄዱ ደግሞ አብሮ ጫግኒ ይሄዳል።»

ጋሽ ይሄነው መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው።

«ዓባይነህን ያውቁታል? የእንቁን ባል?»

«አላውቀውም።»

«እኔ አውቀዋለሁ። ኮሪደሩን እየጠረግሁ ነበር፤ የማዋለጃው በር ላይ ቆሞ በአዊኛ ‹ደሙ መጣ?› አለኝ። ‹እየመጣ ነው› አልኩት። አራት ጊዜ ጠየቀኝ፤ አራት ጊዜ እየመጣ ነው አልኩት። መንገዱን የዘጋሁበት እኔው ነኝ፤ ጋሽ ይሄነው፣ መዝጋቴን ግን አላውቅም ነበር። እርስዎም አያውቁም፤ አዋላጇም አታውቅም። በዚያ ሁሉ ግቢ መዘጋቱን የሚያይ አንድ ዓይን አልነበረም። እኔ አዲሱን አልወደውም። ሽማግሌ ሲገፋም አልወድም። ግን አምስተኛ ጊዜ ለሌላ ሰው ያንን ቃል አልልም።»

ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል። ጋሽ ይሄነው ደብተሩን አጠፉ፤ መልሰው ከፈቱ፤ ከዚያ ለብሥራት ሰጧት።

«ከአንደኛው ጀምሪ» አሉ። «የማይነበብሽን ጠይቂኝ። ጽሑፌ መጥፎ ነው።»

በማግስቱ እኔና ጋሽ ይሄነው ስብሰባው ላይ ተነስተን እውነቱን ተናገርን። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብን፤ ይገባናል። ዘንገና ድረስ ሄጄም ለዓባይነህ ነገርኩት። ሕፃኑን እንደታቀፈ እስከ መጨረሻው ሰማኝና ወደ ቤቱ ገባ።

ሥራው አምስት ወር ፈጀ። አሁን የማዋለጃና የላቦራቶሪ መልእክት ቅድሚያ አለው፤ በሽተኛ ጠያቂ በስልኩ ቪዲዮ ቢጎትት እንኳ አያዘገየውም። የራጅ ማሽኑ ከሌላው ተለይቶ ስለተቀመጠ አንድ ኮምፒውተር ቫይረስ ቢይዘው ወደ እሱ አይሻገርም። ዳንግላ የተከፈተው ቅርንጫፍ ሳጥንም የሚታዘዘው ከእንጅባራ ነው። ጋሽ ይሄነው ለተዝካር ጫግኒ ሦስት ቀን ሄዱ፤ ማንም አልደወለላቸውም፤ ትንሽ ቅር ያላቸው ይመስለኛል። ማሽን ማሽን ነውና፣ መጠየቂያ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ደርሶኛል» ካልተባለበት ሰው ወረቀት ይዞ እንዲሮጥ ደንብ ወጥቷል። ያ ደንብ ይውጣ ያልኩ እኔ ነኝ።

ሥራው ያለቀ ዕለት ሁሉም ባለበት ያችኑ ሰማያዊ ገመድ ሰጡኝ። ስምንተኛውን ሳጥን ከፍቼ ሁለቱንም ጫፍ ሰካሁ። ቀጭ አለ። ብሥራት ፊት ያለው ኮምፒውተር ላይ ቀይ ምልክት በራ፤ ያቺ ቀዳዳ በራሷ ተዘጋች፤ የላቦራቶሪው ሥራ ምንም እንዳልሆነ ቀጠለ። ሰዉ አጨበጨበ።

እኔ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ነበር። ስህተቴ እስኪያዝ ሁለት ሴኮንድ አልሞላም። እንቁ አርባ ደቂቃ ጠብቃለች።