በይመኙሻል ፈረቃ የሚቆመው ኮምፒውተር

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ገሪማ፤ ሥራችሁን አቋርጣችሁ ለእኔ ብላችሁ ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ሀጅራ፣ አዳራሹን እንዲህ አሳምረሽው ሳይ የምሰናበት ሳይሆን የምሞሸር መሰለኝ።

አሥራ አራት ዓመት በዚህ የቡና ላቦራቶሪ ከኮምፒውተሮቻችሁ ጋር ኖርኩ። ጭጋጉ ወርዶ መስኮቱን ሲሸፍነው እስክሪኑ ላይ ያሉት ፊደላት ብቻ ይቀሩኝና ዲላ ውስጥ መሆኔን እረሳ ነበር። ስንቴ ጠርታችሁኝ ሳልሰማ ቀረሁ? "ተክለጻድቅ ሄደ" ትሉኝ ነበር። እውነት ነው፣ እሄድ ነበር።

ዛሬ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አልሄድም።

በ2003 ዓ.ም. የእርጥበት መለኪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨር የምንለውን፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ዓመት ኅዳር ያለ ወቅቱ ዘነበ፤ ኮምፒውተሩም ድርቅ ብሎ መቆም ጀመረ። የሚቆመው ደግሞ በባልደረባችን በይመኙሻል ፈረቃ ብቻ ነው።

"እጇ ነው" ተባለ። "እኔ ምን አደረግኩት?" ብላ ጠየቀችኝ። "እንጃ፣ ቀስ ብለሽ ንኪው" አልኳት። ምላሴን በቆረጠው። በሳምንቱ ግምጃ ቤት ተመደበች፤ ኮምፒውተሩም መቆሙን ተወ።

እኔ ግን ነገሩ አልዋጥልህ ብሎኝ ኮዱን እንደገና አነበብኩት። ድራይቨሩ ለእያንዳንዱ ልኬት ከሜሞሪው ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ሲጨርስ ይለቃል። ቡናው በጣም እርጥብ ሆኖ ልኬቱ ሳይሳካ ሲቀር ግን የያዘውን ሳይለቅ ይወጣል። የሚሠራው በሲስተሙ እምብርት፣ በከርነሉ ውስጥ ስለሆነ፣ ሜሞሪው ሲሞላ መላው ኮምፒውተር ይቆማል።

ከኮንጋ የመጣውን እርጥብ ናሙና ሌሎቻችን አንዴ እንሞክርና እንቢ ሲለን ቁጥሩን በግምት እንሞላ ነበር። ስም አልጠራም፤ ፈገግ ያላችሁት ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ይመኙሻል ግን ናሙናውን እያናፈሰች ደግማ ደጋግማ ትለካለች። ኮምፒውተሩ የሚቆመው ሥራዋን በትክክል ስለምትሠራ ነበር።

የጎደለው "የያዝከውን ልቀቅ" የሚል አንድ መስመር ነው። ጨመርኩትና እርጥብ ቡና እያስለካሁ የቀረውን ባዶ ሜሞሪ የሚያሳየውን ቁጥር አየሁ። ውጭ ይዘንባል፣ ቁጥሩ ግን አይቀንስም። ከሰዓቱን ሙሉ እንደዚያው ስመለከተው ዋልኩ። እስካሁን በህልሜ ይመጣል፤ ዝናቡ፣ ቁጥሩ፣ ጸጥታው።

ሪፖርቱ ላይ "ፕሮግራሙ ተሻሽሏል" ብዬ ፈረምኩ። ለምን እንደተሻሻለ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ይመኙሻል ስድስት ዓመት ግምጃ ቤት ቆየች። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ የልጆቼን ጤና ትጠይቀኝ ነበር።

ይመኙሻል፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠሽ አይሻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ይቅርታሽን እለምንሻለሁ፤ ብትከለክይኝም አልፈርድብሽም። አቶ ገሪማ፣ ይህንኑ ጽፌ ፈርሜ ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጫለሁ።

ለሁላችሁም ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፤ ቤታችሁ ይሙቅ፣ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። ከመካከላችሁ ያጠፋ ቢኖር ደግሞ፣ እስከ መሰናበቻው ቀን የማያስጠብቅ ድፍረት ይስጠው። ደህና ሁኑ።