በደረት የምትሰማው ጊታር

ወዳጆች፣ ቢራችሁን ያዙ እንጂ ገና እንዳትጠጡ። ቨርሊን፣ አንተም ቁጭ በል፤ ዛሬ የሚጠገን የለም።

ይሄ ሰውዬ እዚህ ካላማዙ ከተማ፣ ጊታር መጠገኛችን ሥራ የጀመረበትን ቀን የምታስታውሱ አላችሁ? ውጭው በረዶ ነበር። አለቃችን ጌሪት አንድ አሮጌ ጊታር ከመኪናው አውጥቶ፣ እየተጣደፈ ሳጥኑን ሊከፍት ሲል አዲሱ ሠራተኛ ሄዶ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለበት!

"ተነሣ እንጂ!" አለው ጌሪት።

"ከውርጭ የገባ ጊታር እስኪሞቅ አይከፈትም። ቫርኒሹ ይሰነጣጠቃል።"

"ሱቁ የማን መሰለህ?"

"ያንተ። ጊታሩ ግን የሰው ነው።"

እስከ ምሳ አልተነሣም። ሳንድዊቹንም እዚያው ነው የበላው።

ጠባዩን ታውቁታላችሁ። ጊታር ሲመጣለት ገና ሳያየው እንጨቱን ሊያሸት አፍንጫውን ቀዳዳው ውስጥ ይከታል፤ ያውም ደንበኛ ፊት! ትልልቆቹን ወደ እኛ ይገፋና፣ ፊትና ጀርባቸው ማሆጋኒ እንጨት የሆኑትን ትንንሽ አሮጌ ጊታሮች ለራሱ ያስቀራል። "ጌጥ የላቸው፣ ድምፃቸው አይጮህ፣ ምናቸው ነው?" ስለው "አርዲስ፣ ዝም በዪና ስሚ" ይለኛል።

ዛሬ ጡረታ ወጥቶ የሚሄደው ጆሮው ስለደከመ እንደሆነ ራሱ ነግሮናል። ባለፈው ሳምንት "ቀጭኗን ክር አልሰማትም፤ ከእንግዲህ ጊታሮች ለእኔ እንጨት ብቻ ናቸው" አለኝ። ቨርሊን፣ ተሳስተሃል። መሳሳትህን ያሳየኸኝም አንተው ነህ።

ወይዘሮ ኦርፋ ትዝ ይሉሃል? ልጃቸው የሟች አባቱን ትንሿን ማሆጋኒ ይዞ መጣ። "እናቴ መስማት እያቃታት ነው፤ የጊታሯን የፊት እንጨት ቀይሩልኝና ትጩህ" አለ።

"ልጄ፣ ጩኸት ከፈለግክ ሌላ ግዛ። ይቺ የምታወራው ላቀፋት ሰው ነው" አልከው።

ውስጧ የተላቀቁትን የእንጨት ድጋፎች በቀዳዳዋ እጅህን ሰደህ፣ ሳታይ፣ በጣትህ ጫፍ እየዳበስክ አጣበቅካቸው። ከዚያ ወይዘሮ ኦርፋን አስቀምጠህ፣ ጊታሯን ደረታቸው ላይ አስደገፍክና ወፍራሟን ክር መታህ።

መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ ዘረጉ። "አሞስ ነው፣ ባለቤቴ" አሉ። "ወጥ ቤት፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ እንዲህ ነበር የሚመታት።"

እኔ ሞረዴን አስቀምጬ ቆምኩ። ከብስኩት የማይወፍር አሮጌ እንጨት ያንን ሁሉ እንዴት እንደያዘ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፈራሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ትንንሾቹን በሁለት እጄ ነው የማነሣው።

ስለዚያች ቀን አመሰግንሃለሁ ወንድሜ። ስንት ጊዜ ልነግርህ ፈልጌ፣ አፍንጫህ ጊታር ውስጥ እየሆነብኝ ተውኩት።

በሉ፣ አሁን ብርጭቆ አንሡ! ቨርሊን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። መንጠቆህ ከሐይቁ ባዶውን አይመለስ፤ ሚስትህ ሩትም የቼሪ ኬኳን አትንፈግህ። ነገ ጠዋት ደግሞ የራስህን ማሆጋኒ እቀፍና ወፍራሟን ክር ምታ። ጡረታ የወጣው ጆሮህ ነው፤ ደረትህ ገና ሥራ ላይ ነው።

ለቨርሊን!