ባዶውን ያልተመለሰው ድስት

ለ2014 ገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ያለምወርቅ በስደት በምትኖርበት ከተማ፣ ካምዎክያ በሚባለው ገበያ ውስጥ ከአንድ ብርጭቆ ሻጭ ጋር ዋጋ ትከራከር ነበር። በማስኩ ስር ግራ ጉንጯ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል። በመቀነቷ የቋጠረችው ገንዘብ ለዚያው ለሚያሰቃያት ጥርስ ማስነቀያ የተቀመጠ ነው። እሷ ግን ሃያ አራት ፍሬ ወርቅ ቅብ ብርጭቆ ያለበትን ካርቶን አቅፋ አልለቅም ብላለች።

«ማማ፣ ሴንቴ አለሽ ወይስ የለሽም?» አለ ሻጩ ተሰላችቶ፣ ለገንዘቡ መዳፉን ዘርግቶ።

«እንደምን ዋሉ እትዬ ያለም? ድግስ አለ እንዴ?» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ።

ናፍቆት ነበረች። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ናፍቆት ኮሌጅ የጨረሰች፣ በአንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ዘንድ ዕቃ ቤት የምትጠብቅ፣ ቁምነገረኛ ልጅ ናት።

«ምን ድግስ አለ! ለአክበረት ነው» አለች ያለምወርቅ።

ናፍቆት አፏን ያዘች። ያለምወርቅና አክበረት ከተኳረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ጠቡም የድስት ነው። አክበረት ለልጅ ልጇ ክርስትና፣ ያለምወርቅ ካትዌ ሰፈር ብረት ሠሪዎች ድረስ ሄዳ ያሠራችውን ትልቅ ድስት ተውሳ ነበር። አክበረት «መልሻለሁ፣ በሩ ኋላ አስቀምጬዋለሁ» ትላለች። ያለምወርቅ «በሩ ኋላማ አይቻለሁ፤ ያለው ጆንያ ነው!» ትላለች። አንድ ቤተ ክርስቲያን እየሳሙ ሰላምታ የላቸውም። ያለምወርቅ በወባ ስትወድቅ አሥራ አንድ ቀን ያስታመመቻት ግን ይህችው አክበረት ናት፤ በዚህ አገር ከሷ የቀረበ ሰው የላትም።

«ታረቃችሁ ማለት ነው?»

«ምን ታረቅን! ለእንቁጣጣሽ ብርድ ልብስ ላከችብኝ።»

«ላከችልዎት ነው እንጂ።»

«ላከችብኝ! ድስቴን በልታ በብርድ ልብስ ልታፍነኝ? ከሷ የበለጠ ሰጥቼ አፏን ካላስያዝኩ ያለምወርቅ አይደለሁም።»

«ጥርስዎስ?»

«ጥርሴ ይቆየኛል፤ በዓሉ ነው የማይቆየኝ።»

«እትዬ ያለም፣ በድፍረት አይቁጠሩብኝና ስጦታ ሰው ማሸነፊያ አይደለም። ከመግዛትዎ በፊት ቤትዎ ያለውን እንይ። እኛ ዕቃ ቤት መደርደሪያው ሳይታይ አዲስ ነገር አይታዘዝም።»

«የኔ ቤት መድኃኒት ቤት ነው እንዴ?»

«ቢሆንማ ጥርስዎን ባላመመዎት።»

ያለምወርቅ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት ጥርሷ ጠዘጠዛት። ያን ጊዜ ሻጩ ካርቶኑን ከእቅፏ ነጥቆ ለሌላ ሰው ሸጠው። እንግዲህ ባዶ እጇን ወደ ቤት ከመሄድ ሌላ ምርጫ አልነበራትም።

ቤቷ አንድ ክፍል ነው። በሩ እስከ ግማሹ ብቻ ይከፈታል፤ የሚገባ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ትከሻውን ያስገባል። ካርቶን በካርቶን ላይ ጣራ ደርሷል። ስድስት ፔርሙስ፣ ከነላስቲኩ ያለ አንሶላ፣ ከካርቶኑ ያልወጣ ሰሃን። ባለቤቲቱ ግን ሻይዋን የምትጠጣው ጆሮው በተገነጠለ የፕላስቲክ ኩባያ ነው።

«ይህ ሁሉ ለማን ነው?» አለች ናፍቆት።

«ለእንግዳ።»

«እንግዳው የት ይቀመጣል?»

ያለምወርቅ ዞር ዞር ብላ አየች። መቀመጫ የለም። ለራሷም ቢሆን አልጋው ጫፍ ላይ ካልሆነ ቦታ የላትም። ይህን ግን እንዲህ በቀላሉ አታምንም፤ «ቆሞ ይጠጣል» አለች።

ዕቃ ማውጣት ጀመሩ። ከአልጋው ስር አንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ ሦስት ካርቶን ወጣ፤ ገበያ ያቀፈችው ዓይነት ራሱ ነው። በአንዱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ናፍቆት አነበበችው። «ለእህቴ ያለምወርቅ፣ ለፋሲካ 2011፣ ከአክበረት።»

«የሰጠችዎትን መልሰው ሊሰጧት ነበር» አለች፣ ሳቋን እየዋጠች።

«የገበያው ወርቅ ቅብ ይበልጥ ነበር» አለች ያለምወርቅ፣ ድምፅዋን ግን ዝቅ አድርጋ።

በመጨረሻ በሩ ኋላ የቀሩትን ጆንያዎች ጎተቱ። በወረርሽኙ ምክንያት እንቅስቃሴ የተከለከለ ዕለት ያለምወርቅ እየተሻማች የገዛችው፣ ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ዱቄትና ሩዝ ነው፤ እዚያው እንደተጣለ ኖሯል። ከስሩ የካትዌው ድስት ወጣ። ክዳኑ በአክበረት ሰማያዊ ሻሽ ታስሯል። ሲከፍቱት ውስጡ ሁለት ኪሎ ሽሮና አንድ ሳሙና ነበር፤ ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነውና። ሽሮው ነቅዞ ብናኝ ሆኗል። አክበረት በእጇ በነበረው የያለምወርቅ ቤት ትርፍ ቁልፍ ገብታ አስቀምጣው ሄዳለች፤ ያለምወርቅ ደግሞ ከገበያ ስትመለስ ሳታይ ጆንያዋን ጭናበታለች።

ናፍቆት ሻሹን አንሥታ ለያለምወርቅ አሳየቻት።

«አይጥ ነው ያመጣው» አለች ያለምወርቅ።

«አይጡ ሽሮ ሞልቶ? በሻሽ አስሮ?»

ያለምወርቅ ጆንያው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ስም ስታጠፋ ኖራለች፤ ማስረጃው ከራሷ በር ኋላ። «እንግዲያው ሁለት ካርቶን ብርጭቆ ልግዛላት» አለች።

«ብርጭቆ ይቅርታ አይልልዎትም። የሚያስፈልጋትን ይስጧት። የምትሠራበት ምግብ ቤት ከተዘጋ ወዲህ ለሠራተኞች ምሳ እየሠራች ትሸጣለች፤ በትንሽ ድስት ሁለቴ ሦስቴ እያበሰለች እኩለ ቀን ሳይደርስ ይደክማታል።»

ያለምወርቅ ድስቱን አየችው። ለራሷ ብቻዋን ናት፤ ሃምሳ ሰው የሚያበላ ድስት ምን ያደርግላታል? ይህን ማንም ሳይነግራት ራሷ አሰበችው፣ ቢያንስ ለናፍቆት እንዲያ ብላታለች።

በገና ቀን ጥርሷን ተነቅላ፣ የታጠበውን ድስት ታቅፋ፣ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል አክበረት ቤት ሄደች። ውስጡ አዲስ ሁለት ኪሎ ሽሮ፣ አንድ ሳሙና፣ የታጠበ ሰማያዊ ሻሽ አለ። አክበረት በሩን ስትከፍት ድስቱን አይታ ደረቀች።

«ከየት መጣ?»

«ከበሩ ኋላ። መልሰሽልኝ ነበር። ስምሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በልደቱ ይቅር በይኝ። ድስቱም ካሁን በኋላ ያንቺ ነው።»

አክበረት ክዳኑን አንሥታ አዲሱን ሽሮ አየች። «የኔ ሽሮስ?»

«ነቀዝ በላው።»

«ነቀዙስ አመሰገነኝ?»

«ከኔ ይሻላል፤ ድስቴን በላሽ አላለሽም።»

አክበረት ሳቋ አመለጣት፤ ያለምወርቅም አንድ ጥርስ በጎደለው አፏ ሳቀች። ከዚያ አክበረት ጮክ ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። «ኑ፣ እዩልኝ! ዛሬ ይህን ድስት ተቀብያለሁ! ነገ ደግሞ ሌላ ነገር እንዳይመጣ!»

ከዚያን በኋላ የያለምወርቅ በር እስከ መጨረሻው ይከፈታል። ሁለት ወንበር ገብቷል። ብርጭቆው ወጥቶ ይጠጣበታል፤ አንዱ ተሰብሯል፣ ያለቀሰ የለም። ትርፉ ለአዲስ ሙሽሮችና ቤት ለጀመሩ ተሰጥቷል። በዓል ሲመጣ ወደ ገበያ ከመሮጧ በፊት አልጋዋ ስር ታያለች፤ ከዚያም ስጦታ የምትሰጠው ሰው ምን እንደቸገረው ትጠይቃለች። ገንዘቧም ለጥርስ ተርፏል። ከሁሉ ይልቅ ያተረፈችው ግን አክበረትን ነው፤ በየእሑዱ መጥታ ከወንበሮቹ በአንዱ ትቀመጣለች፤ በሩ ኋላም ምን እንዳለ ሳታይ አትቀመጥም።