ደምለው ያልጠየቀው ጥያቄ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የእድራችን ሽማግሌዎች፣ ከወዲያውም ከወዲህኛውም ሞያሌ ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከቡቲዬና ከኦቦ በእግርም በሞተርም የደረሳችሁ ጎረቤቶቻችን፤ እግዜር ያጽናችሁ፣ እኔንም ያጽናኝ። ፀሐዩ ከብዷል፣ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ።

ወርቅአየሁ እባላለሁ። የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ከሎሪ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለው ሆቴል የኔ ነው። አስከሬኑ ሳይወርድ ሴት ቆማ ንግግር ታደርጋለች ወይ እያላችሁ የምትንሾካሾኩ፣ እዚያ ኋላ፣ አያችኋለሁ። እኔም እንደናንተው ጠይቄአለሁ። ደምለውን የሚያወድስ ሰው ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። መምሬ ደጉን ሁሉ ተናግረውለታል። እኔን ያቆመችኝ ልጁ ሰሎሜ ናት።

ትናንት ድንኳን ውስጥ መጥታ ጎኔ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። “እትዬ ወርቅአየሁ፣ አንቺ ማንንም አታምኚም ይባላል” አለችኝ። እውነት ነው አልኳት። “እንግዲያስ ነገ አንቺ ተናገሪ። አታሞግሺው። የመጣው ሁሉ፣ አባትሽ አገር ዞሮ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ ይለኛል። እኔ ኢሲዮሎ ነበርኩ እኮ! ከዚህ ወደ ናይሮቢ የሚወጣ ሎሪ ሁሉ በኢሲዮሎ ነው የሚያልፈው። አንድ ቀን ወርዶ አልፈለገኝም። ታመመ ተብዬ ስመጣም የት ነበርሽ አላለኝም። ሌላ ሰው ሆኖ ከሆነ የኔ አባት አይደለም። የማላውቀውን ሰው አልቀብርም።”

አያችኋት? አጥሩ ጋ ናት። ወደ ጉድጓዱ አልቀረበችም። እኔ የምለውን እየጠበቀች ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ለሷ ነው፤ እናንተም ስሙ።

ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ መንገደኛ አላምንም። ስንቱን አሳድሬያለሁ! ጉዞ ሰውን ያበስላል፣ ጉዞ ሰውን ይለውጣል እያለ የሚያወራልኝ ስንት አለ! ሲመለሱ አያቸዋለሁ። ሻንጣው ተለውጧል፣ ጫማው ተለውጧል፣ ሰውየው ያው ነው። ፎጣዬን ይዞ የሚሄደው፣ ከዓመት በኋላም ተመልሶ መጥቶ ፎጣዬን ይዞ ይሄዳል። ተሳዳቢው ናይሮቢ ከርሞ ሲመጣ በስዋሂሊ መሳደብ ጨምሮ ነው የሚመጣው። ታዲያ ደምለው ተለውጦ መጣ ሲሉኝ ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ጠረጠርኩ።

የድሮውን ደምለው ታስታውሳላችሁ? የጎማና የመለዋወጫ ሱቁን ታስታውሳላችሁ? ሆቴሌ ሲመጣ ጀርባውን ለበር ሰጥቶ ተቀምጦ ያውቃል? ሻይ ሲቀርብልን የኔን ብርጭቆ ወደሱ ስቦ የሱን ወደኔ ይገፋ ነበር። ምን አስበህ ነው ስለው ሻዩን ይጠጣል። ሚስቱ ልጅቷን በሕፃንነቷ ጥላበት ነው የሞተችው። ብቻውን አሳደጋት። ማሳደጉን አሳደጋት፣ ማንም አይክደውም። ግን ከትምህርት ቤት ስትገባ ደህና ዋልሽ የለም። “ከየት ነው የመጣሽው?” ነው። ከገበያ ስትገባ፣ “ከየት ነው የመጣሽው?” እሱ ራሱ የላካት እኮ ነው! ከቅዳሴ ስትመለስ፣ “ከየት ነው የመጣሽው?” አብሯት ቆሞ አስቀድሶ!

የቡቲዬን ቀን እዚህ ያለነው ሁሉ እናውቀዋለን። ዛሬ በሞተ ሰው ፊት አይነሳም የምትሉ ይቅር በሉኝ፣ ይነሳል። ሰሎሜ የመጨረሻ ፈተናዋ ደርሶ ቡቲዬ፣ ጓደኛዋ ሜርሲ ቤት ልታጠና ሄደች። ደምለው ወንድ ጋ ናት ብሎ ጠረጠረ። በቦዳ ቦዳ ሞተር ተፈናጥጦ፣ አንድ አስካሪ፣ ዘበኛ ማለቴ ነው፣ አስከትሎ ደረሰ። አልጋ ገለበጠ። የበቆሎ ጎተራ ከፈተ። የፍየሎቹ በረት ውስጥ ሳይቀር ገባ። የሜርሲ እናት እጇ ላይ ሊጥ እንዳለ ቆማ ታየዋለች። መንደሩ ሁሉ በር ላይ ነው። ማን ተገኘ? ማንም። ሁለት ልጆችና አንድ የሒሳብ መጽሐፍ። ሰሎሜ መጽሐፏን ዘጋች። ፈተናዋን ጨረሰች፣ ልብሷን ያዘች፣ ወደ ኢሲዮሎ ሄደች። ማን ይፈርድባታል? እኔ አልፈርድባትም።

ከዚያ በኋላ ደምለው ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ ከረመ። አንድ ጠዋት የሱቁን ቁልፍ ለሠራተኛው ለቦርቶ ሰጥቶ ወደኔ መጣ። ለቦርቶ! ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ ሱቁን ለሰው የማይሰጥ ሰው! “ወርቅአየሁ፣ ልሄድ ነው” አለኝ። ወዴት? “አላውቅም። ሰው ማመን ልማር። ቤቴ ሆኜ አልቻልኩም፤ እዚህ በር አለኝ፣ ቁልፍ አለኝ። ሌላ ሰው በር ላይ ቆሜ ልየው።” ሳቅኩበት። በፊቱ ነው የሳቅኩት። ከተማውም ሳቀ፣ ሲስቅ ደግሞ ጠረጠረ። ሞምባሳ ሴት አለችው ተባለ። ፖሊስ ይፈልገዋል ተባለ። ጋሽ ሱራ፣ ወርቅ ሊቆፍር ነው ያልከው አንተ አይደለህም? አቀርቅር፣ አቀርቅር፤ አይቼሃለሁ።

ሰባት ዓመት ቀረ። በቱርካና ዞረ፣ ወደ ኪታሌ ወረደ፣ ታንዛኒያ ገባ። የሎሪ ጎማ እየጠገነ፣ በዚያው ሎሪ እየተሳፈረ፣ ያሳደረው ሰው ቤት እያደረ። ከዚያ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ አንድ ቦርሳ አንግቦ መጣ። ሆቴሌ ገባ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። የቀረበለትን ሻይ ጠጣ። እኔ ምን አልኩ? ይሄ ሰውዬ ምን አጥፍቶ ነው የመጣው አልኩ።

የመንገዱን ነገር ሲያወራልኝ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። እዚያ ቱርካና፣ ሎድዋር አካባቢ ሎሪያቸው ተበላሸ። ሾፌሩ ዕቃ ፍለጋ ሄዶ እሱን ጠባቂ አድርጎ ተወው። ውሃው አለቀ። አንድ ግመል የሚነዳ ሰው ደረሰ። ጀሪካኑን ስጠኝ፣ ውሃ ላምጣልህ አለው። ሰጠው። ጫማዬ ተበጥሷል፣ ያንተን ስጠኝ አለው። ያንንም ሰጠው። “ከሰጠሁት በኋላ የሰደብኩትን ስድብ ለመምሬ እንኳ አልናዘዝም” አለኝ። በባዶ እግሩ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ተታለልኩ፣ ተዘረፍኩ ሲል ዋለ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሰውየው ጀሪካን ሙሉ ውሃ ተሸክሞ መጣ። ደምለው ምን አለኝ መሰላችሁ? “ጥም ሊገድለኝ ደርሶ፣ ከውሃው በፊት ያየሁት ጫማዬን ነው። በራሴ አፈርኩ።” እኔም ወዲያው፣ ጫማው ምን ዓይነት ነበር አልኩት። ውሸት ከሆነ ይሳሳታል ብዬ ነዋ! ሳቀብኝ።

አልረካሁም። ፈተንኩት። አንድ ቀን፣ ቦርቶ ጎማ እየሸጠ ወደ ኪሱ ይከታል ይባላል አልኩት። ማንም አላለም፣ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ቦርቶ፣ እንደሱ አትየኝ፤ የጠረጠርኩት እሱን እንጂ አንተን አይደለም። ደምለው ፊቱ ተለዋወጠ። ተነሣ። እስከ በሩ ድረስ ሄደ። ያዝኩህ አልኩ በሆዴ። በሩ ላይ ቆመ፣ ቆመ፣ ተመልሶ መጥቶ ተቀመጠ። “በዓይንሽ አይተሻል?” አለኝ። ሰምቼ ነው አልኩት። “እንግዲያው ሻይሽ ይቀዘቅዛል” አለኝ።

አሁንም አልረካሁም። በየሳምንቱ ወደ ኦቦ ይሄድ ነበር። ኦቦ ምን አለው? ዘመድ የለው፣ ከብት የለው። ከሞተረኛው ከባሺር ኋላ ተፈናጥጬ ተከተልኩት። ያንን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ጊዜ ወደቅን። ባሺር “ፖሌ ማማ፣ ፖሌ ማማ”፣ አይዞሽ እናቴ እያለ አቧራዬን ያራግፍልኛል፣ በሆዱ ይስቃል። ሽማግሌው አሬሮ ግቢ ስደርስ ደምለው ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጧል። ቤቱ ክፍት ነው። ሰው የለም። ጥጆቹ አሉ፣ የተኛ ሕፃን አለ። ምን ትሠራለህ አልኩት። “ውሃ ሊቀዱ ሄዱ። ጠብቅልን ብለውኝ ነው” አለኝ። ታዲያ ከሞያሌ ድረስ ለዚህ ነው የምትመጣው? “አዎ” አለኝ፣ “ሌላ ሥራ የለኝም።” ኋላ አሬሮ ከነቤተሰቡ ሲመጣ እኔንም “ኮቱ፣ ታኢ” አለኝ፤ ነይ ተቀመጪ ማለቱ ነው። ማን ነሽ፣ ከየት መጣሽ አላለኝም። አሬሮ፣ እዚህ ነህ፤ ያኔ ያልነገርኩህን አሁን ልንገርህ፤ ወተቱን ጠጥቼም ምን አስበው ነው የሰጡኝ እያልኩ ነው የተመለስኩት።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። ሰሎሜ፣ ስሚኝ።

ታመመ። ሾርባ ይዤ እመላለስ ነበር። አንቺ የመጣሽ ዕለት ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። በሩን ከፍተሽ ስትገቢ እኔ አንቺን አላየሁሽም፤ የሱን አፍ ነው ያየሁት። አሁን ይላታል አልኩ። ከየት ነው የመጣሽው ይላታል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አይቻለሁ። ቃሉን መልሶ ሲውጠው አይቻለሁ። ከዚያ፣ “በልተሻል?” አለሽ። አንቺም በልቻለሁ ብለሽ ወንበር ስበሽ ተቀመጥሽ። ግድ ያልሰጠው መሰለሽ። እንዴት አይመስልሽ? እንደዚያ ያደከመሽ ጥያቄ ሲቀር ምን ልትይ ኖሯል?

ግን ያላየሽው አለ። በማግስቱ ከሰዓት ወደ ከተማ ወጣሽ። በሩ ገና ከመዘጋቱ ክንዴን ያዘኝ። በዚያ አቅሙ፣ አመመኝ እኮ! “ወርቅአየሁ፣ የት ነው የሄደችው?” እኔ አፌን ስከፍት፣ “አትንገሪኝ!” ብሎ ጮኸ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ብርድ ልብሱን ነክሶ ቆየ። ኋላ ለቀቀውና፣ “ከሰባት ዓመት መንገድ የተማርኩት ይችኑ ነው” አለኝ፣ “እሷንም ገና በወጉ አልቻልኩባትም።” አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ እኔ!

ሰሎሜ፣ ሌላ ሰው ሆነ የሚሉሽን አትመኛቸው። ሌላ ሰው አልሆነም። ይሄ እዚህ የተኛው ያው ጠርጣራው አባትሽ ነው። ጥያቄው እስከ መጨረሻዋ ቀን ምላሱ ላይ ነበረች። አንቺን እንዳያደክምሽ ብሎ ይውጣት ነበር፤ በየቀኑ ይውጣት ነበር። ተለወጥኩ ብሎ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ሰው ቢሆን አላምነውም ነበር። ይሄንን ግን አየሁት። ስላየሁት አምኛለሁ።

ስለ ኢሲዮሎም ጠይቄዋለሁ። “ብወርድ ልጠይቃት ሳይሆን ልፈትሻት ነው የምወርደው። ሎሪው ላይ ዓይኔን ጨፍኜ አለፍኩ” አለኝ። ፈሪ አልኩት። ያን ሁሉ አገር የዞረ ሰው፣ አንድ በር ላይ ቆሞ ደህና ነሽ ወይ ብሎ መመለስ እንዴት ያቅተዋል? ዛሬም እዚህ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሜ እላለሁ፤ ደምለው፣ ይሄን አልቀበልህም። ልጅህም አትቀበልህ። መብቷ ነው።

እናንተ ደግሞ፣ ጉዞ ሰውን ያሳድጋል ወይ ብላችሁ ነገ ሆቴሌ መጥታችሁ ብትጠይቁኝ፣ አሁንም እጠራጠራለሁ እላችኋለሁ። አንድ ሰው አይቻለሁ። ከሱ ሌላ አላየሁም።

በሉ እንግዲህ። ሰሎሜ፣ ነይ ልጄ፣ ቅረቢ። መንገድ ልቀቁላት። እስከ ዛሬ የት እንደነበርሽ፣ ምን እንደሠራሽ፣ ከማን ጋ እንደኖርሽ ልትነግሪው ከፈለግሽ ንገሪው። ካልፈለግሽም ዝም ብለሽ ቁሚ። አፈሩ ይቆየናል። መምሬ፣ እባክዎ ይፍቀዱልን፤ ሁላችንም ከአጥሩ ውጭ እንውጣ። ጆሮ ጥሎ የሚቀር እንዳይኖር፤ መጀመሪያ የምወጣው እኔ ነኝ። ስትመለስም ምን አልሽው ብሎ የሚጠይቃት አንድ ሰው እንዳልሰማ።

ደምለው፣ አፈሩ አይክበድህ፣ ወንድሜ። እኔ ልሂድ፤ ልጅህ ልታናግርህ ነው።