እላይህ ላይ ያለው ጭንቀት

(ጎልዌይ፣ አየርላንድ፤ እሑድ ከሰዓት። አገር ቤት ያለች እናቷ የታመመችባት ትርንጎ ከአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ ገብታ ምሳ ቀርቦላታል፤ የአክስቷ ልጅ አስናቀ የሳሎኑን በር ተደግፎ ቆሟል።)

ትርንጎ፦ ስልኬን አምጣ አልኩህ!

አስናቀ፦ መጀመሪያ ብዪ፣ እትዬ። ቀዘቀዘ እኮ።

ትርንጎ፦ የእማዬን ድምፅ ሳልሰማ እህል አይወርድልኝም።

አስናቀ፦ ኔትወርክ የለም ብያለሁ። አገር ምድሩ ተቋርጧል።

ትርንጎ፦ ታዲያ ኪስህ ውስጥ የሚነዝረው ምንድን ነው?

አስናቀ፦ የ... የሥራ ቦታ ነው።

ትርንጎ፦ በእሑድ? ዞር በል ከበሩ። ጎረቤት ስልክ እለምናለሁ።

አስናቀ፦ ውጭ ዝናብ ነው።

ትርንጎ፦ እዚህ አገር መቼ አባርቶ ያውቃል?

አስናቀ፦ በሞቴ፣ ሁለት ጉርሻ ብቻ!

ትርንጎ፦ እኔ የምጦራቸው አሮጊት፣ ኖራ፣ ልጃቸው ሲዘገይባቸው ምን ይላሉ መሰለህ? «ኢምኒ»። በአይሪሽ ቋንቋ ጭንቀት ማለት ነው።

አስናቀ፦ እሺ፣ እየበላሽ አጫውቺኝ።

ትርንጎ፦ ተጨነቅሁ አይሉም። «ጭንቀት እላዬ ላይ አለ» ነው የሚሉት፣ እንደ ካፖርት። ሲያጽናኑህም «እላይህ ላይ አይሁን» ይሉሃል።

አስናቀ፦ ደግ ቋንቋ ነው። አንቺም ላይ አይሁን።

ትርንጎ፦ ከገባሁ ጀምሮ የማየው አንተ ላይ ነው። ፊትህ አመድ መስሏል።

አስናቀ፦ ደክሞኝ ነው። ሶፋ ስገፋ አረፈድኩ።

ትርንጎ፦ ለምን ገፋኸው?

አስናቀ፦ ቤቱ እንዲሰፋ። እንግዶች ይመጣሉ። እነ ጋሽ ደምሴ... ቄሱም።

ትርንጎ፦ የመስታወቱን ጠረጴዛስ የት አደረስከው?

አስናቀ፦ ተይ እትዬ።

ትርንጎ፦ አምና ጓደኛዬ እልፍነሽ የአባቷን መርዶ ልትረዳ ጊዜ ጠረጴዛውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ስትወድቅ እንዳያገኛት። እህል ያቀመስኳትም፣ በሩን የጠበቅሁባትም እኔ።

አስናቀ፦ ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ ትንፍሽ እንዳትል ብለው አስምለውኛል። እኔ አልነገርኩሽም!

ትርንጎ፦ አልነገርከኝም። መቼ ነው?

አስናቀ፦ ትናንት። ቁጭ በይ እትዬ፣ በእመቤቴ!

ትርንጎ፦ እማዬ! ወይኔ እናቴን! ... ትናንት? እና ከትናንት ጀምሮ ብቻህን ታፍነህ? አንተንም ያሳደገችህ እሷ አይደለችም እንዴ?

አስናቀ፦ ናት።

ትርንጎ፦ ታዲያ በሩን ተወውና ና። ለእናታችን ለማልቀስ ሽማግሌ አንጠብቅም።