የኦቦ ገመቹ ፊርማ

ሰበታ ላይ ከኦቦ ገመቹ ጋር የጤፍ ንግድ ልንጀምር ነው። ከተፍኪ የመጣውን ጤፍ በራሴ ገዝቼ መጋዘን አስገብቻለሁ፤ እሳቸው የሚገቡት ማህበሩ ሲቋቋም ነው። ጠበቃ ዘንድ ሄድን። «በሽርክና ማህበር ንግዱ ቢከስር የየግል ቤታችሁ ሳይቀር ለዕዳው ይያዛል፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ ማህበር ከሆነ ግን ካዋጣችሁት አያልፍም» አለን። እኔማ ሳይጨርስ «የተወሰነው ይሁንልን!» አልኩ። ኦቦ ገመቹ «እስቲ ልደርበት» ብለው ሳይፈርሙ ወጡ። ሽማግሌው ሊያፈገፍጉ ነው ብዬ በገንኩ።

በማግስቱ አዲስ አበባን ወደ ኦሮሚያ በሚያሰፋው ማስተር ፕላን የተቆጡ ወጣቶች መንገዱን ዘግተው፣ መጋዘኔን ሊያቃጥሉ ደጃፉ ደረሱ። እኔ ውስጥ ነኝ፤ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ። ኦቦ ገመቹ በርጩማ ይዘው መጡና በሩን በጀርባቸው ዘግተው ቁጭ አሉ።

«አባባ፣ ይነሱ! ይሄ የአዲስ አበባው ሰውዬ ጤፍ ነው» አላቸው ድንጋይ የጨበጠ አንድ ልጅ።

«ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ የእኔም ነው።»

«የትኛው ነው የእርስዎ?»

«ጤፍ ከተቀላቀለ በኋላ ይለያል እንዴ? ማቃጠል ካማራችሁ ከእኔ ጀምሩ።»

ልጁ ድንጋዩን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠው። ሁሉም አለፉ።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። «ኦቦ፣ እርስዎ እኮ አልፈረሙም! አንዲት ፍሬ የለዎትም!»

ገርሟቸው አዩኝ። «እጅህን ጨብጬህ የለ እንዴ? ጠበቃው ጋ የሄድነው ለመንግሥት ብለን ነው።»

በሳምንቱ ጠበቃው «የቱን መረጣችሁ?» ሲለን፣ አፌን ሳልከፍት እጄ የሽርክናውን ወረቀት ስቦ ነበር።