ፈተናውን ጮክ ብለው ያነበቡት መምህርት

እህቴ፣ ትምህርት ቤቱ ቀብሩ ላይ እንዲነበብ የላከውን ወረቀት እንዳታነቢው! «በጤና ምክንያት በፈቃዳቸው ሥራ ለቀቁ» ይላል። የምን ጤና ነው? ሆን ተብሎ የተጻፈ ነገር ነው፤ የዚያ ምክትል ርዕሰ መምህር እጅ አለበት። ውርድ ከራሴ! እኔ መጻፍ እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ የእናትሽን ዜና ሕይወት እየተናገርኩልሽ ነው። ገልብጪውና ነገ ቀብሩ ላይ አንብቢው። በይ ጀምሪ።

መምህርት ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። አባታቸው ጣውላ ሲለኩ ሒሳቡን በቃላቸው የሚያሰሉላቸው እሳቸው ነበሩ። ተምረው የሒሳብ አስተማሪ ሆኑ፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። እሷ አንቺ ነሽ፣ እዚህ ጋ እንዳታለቅሺ።

ተማሪው «ራጅ» ነበር የሚላቸው፤ ካልሲ ውስጥ የተደበቀ ወረቀት ሳይቀር ያያሉ። እምነታቸው አንድ ነው፦ ያወቀ ይጽፋል፣ ያልጻፈ አላወቀም። ታናሽ ወንድማቸውንም፣ አባቴን ማለቴ ነው፣ «ሰነፍ!» እያሉ ሲያስጠኑት ደብተሩን ወርውሮ ጋራዥ ገባ።

ከዓመታት በኋላ እኔ ክፍላቸው ገባሁ። በመጀመሪያው ፈተና በቁጥር የቀረበው ጥያቄ ሁሉ ትክክል፣ በቃላት የተጻፈው ሁሉ ባዶ።

«ከማን ቀዳኸው?» አሉኝ።

«ከማንም፣ ቲቸር።»

«አክስቴ ናት ብለህ ነው? ሞኝህን ፈልግ!»

ጠረጴዛቸው ጎን ለብቻዬ አስቀመጡኝ። ጥያቄውን ቀየሩት፤ ያው ሆነ። እስክሪብቶዬን ሳይቀር ፈታተው አዩ። በመጨረሻ ወረቀቱን ነጥቀው ባዶ የተውኩትን ጥያቄ ራሳቸው አነበቡልኝ። ሳይጨርሱት መለስኩ። ሌላውን አነበቡ፣ መለስኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት አባቴ ጋ ጋራዥ ሄደው፣ «ለአንተም እንደ ልጅህ አንብቤልህ ቢሆን ኖሮ… ይቅር በለኝ» አሉት። አባቴ መፍቻውን አስቀምጦ መቀመጫ አቀረበላቸው።

ከዚያ ወዲህ ለእኔና እንደኔ ለሆኑ ሦስት ልጆች ፈተናውን ጮክ ብለው ያነቡልን ጀመር። ሌሎቹ አስተማሪዎች ግን ምን አሉ? «ጎበዝ ከሆነ ማንበብ ለምን ያቅተዋል? ካቃተውስ ጎበዝ ነው እንዴ? ለወንድሟ ልጅ መልስ እየነገረች ነው!» ምክትሉ በራችን ላይ ጆሮውን ለጥፎ ሲያዳምጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ምን ሰማ? ጥያቄ ብቻ። ያም ሆኖ ከክፍል አውጥተው የመጽሐፍ መጋዘን ጠባቂ አደረጓቸው። ሁለት ዓመት አቧራ በልተው፣ በቃኝ ብለው ወጡ። ኩላሊታቸው የታመመው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሕክምና ካርዳቸው ላይ ያለውን ቀን እይው። ትናንት ረፋዱ ላይ በስድሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

ምክትሉ ነገ አበባ ይዞ ፊት ለፊትሽ ሳይቀመጥ አይቀርም። ለቀስተኛ መስሎ ይመጣል እንጂ ምን እንደምታነቢ ለማወቅ ነው። እሱን አይተሽ ድምፅሽን ዝቅ እንዳታደርጊ! እሳቸው ለእኛ እንደሚያነቡት፣ ቀስ ብለሽ፣ ጮክ ብለሽ። መጨረሻው ይሄ ነው፦

ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል። አንዲት ልጅ፣ ይቅርታ የጠየቁትን አንድ ወንድም፣ ፈተና ያነበቡላቸውን አራት ተማሪዎች ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ሳይጠራጠር ይቀበላቸው፣ ነፍሳቸውንም ያሳርፍልን።